ሦስት ሳምንት የኖረ ሞተር

በደርግ ጊዜ አብነት አካባቢ በነበረ አንድ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበርኩ። በጆሮዬ የነበረኝን ትዕቢት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። መኪና ገና ከአስፋልቱ ወደ እኛ በር ስትታጠፍ ድምጿን ሰምቼ ሕመሟን እናገር ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለምሆን የተሳሳትኩበትን ማንም አያነሳብኝም። ሾፌሮቹ "ዶክተር" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዶክተር ሆንኩ።

ከደንበኞቻችን አንዷ የአንድ መሥሪያ ቤት ጂፕ ነበረች። ባለሙያ ጭና መንገድ የሌለበት ቆላ ትወርዳለች፣ ወንዝ ታቋርጣለች፣ በጋውን ሙሉ አቧራ ስትግጥ ትከርማለች። ሾፌሯ የእኔ እኩያ የሆነ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለዓመታት ሲነዳት እንደ ልጁ ነበር የሚይዛት። ያን ጊዜ ማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። የፒስተን ቀለበቷ አልቋል ማለት ነው። ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀጫጭን ቀለበቶች ሲበሉ ዘይቱ ከታች ወደ ላይ ሾልኮ ይቃጠላል፣ የፍንዳታው ጉልበት ደግሞ ወደ ታች ያመልጣል።

አዲስ ቀለበት እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። ሾፌሩ ሁለት ወር ሙሉ መርካቶን ሲዞር ከረመ። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ከመደርደሪያው ጀርባ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ቀለበት አወጣለት፤ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎት መጣ። የሲሊንደሩን ግድግዳ በድንጋይ ሞረድኩት፣ አጠብኩት፣ አዲሶቹን ቀለበቶች ገጠምኩ። ስትነሳ ድምጿ ልስልስ ያለ ነበር። ሾፌሩ ግንባሬን ሳመኝ።

በሦስተኛው ሳምንት በጭነት መኪና ተጎትታ መጣች።

ደሜ ፈላ። ሞተሩን ስከፍተው ቀለበቶቹ እንደ ምላጭ ተስለዋል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል። ሾፌሩ አጠገቤ ቆሟል። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘ አንድ ጓድም ከኋላው አለ።

"አቧራ ነው የበላው!" አልኩ። አቧራ ሞተር ውስጥ የሚገባው በአየር ፊልትሮው በኩል ነው፤ ፊልትሮውን ማጽዳት ደግሞ የሾፌሩ ሥራ ነው። "ፊልትሮውን አላጸዳህም አይደል?"

"ኧረ በየማታው አጸዳለሁ" አለ።

"ታዲያ ይሄን ማን ቧጠጠው? ድመት?"

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም በቀልዴ ኮራሁ። ጓዱ ግን አልሳቀም።

"ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ማለት ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ትፈርማለህ?"

ፈረምኩ። ስለ ሞተር ብቻ የፈረምኩ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ሾፌሩን ከጋራዡ በር ላይ ወሰዱት። "አሻጥር ነው" አሉ። ያን ጊዜ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ጨርሶ ያልተመለሰም ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ። ቢሆንም ጥፋቱ የራሱ ነው፣ እኔ ምን አደረግኩ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ እራቴንም በላሁ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ታክሲ መጣች። ከጂፗ ጥቂት ቀን በኋላ ሞተሯን የሠራሁላት ናት። እሷም ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። ፈታኋት፤ ያው ምላጭ የመሰለ ቀለበት፣ ያው የተቧጠጠ ግድግዳ።

የጋራዡ ባለቤት ከወሎ የመጡ አዛውንት ነበሩ። መቁጠሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይቺ እኮ ከአስፋልት ወርዳ አታውቅም" አሉኝ። "ይሄም የቆላ አቧራ ነው?"

ዞር ስል ዓይኔ ያረፈው ዕቃ በምናጥብበት ግማሽ በርሜል ናፍጣ ላይ ነው። ናፍጣ በኩፖን ስለነበር የታጠበበትን መድፋት ከተውን ቆይተናል። እናሳድረዋለን፤ ቆሻሻው ይዘቅጣል፤ ጠዋት ከላይ በጠራው እናጥባለን። ዘዴው የእኔ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ለቁጠባ ምሳሌ ተብዬ ተጨብጭቦልኛል።

ከላይ ጠራ ከሚባለው ናፍጣ በእፍኜ ዘግኜ በጣቶቼ መካከል አሸሁት። ሻከረኝ። ሲሊንደር የምሞርድበት ድንጋይ ብናኝ ነው፣ የስንት ወር ክምችት! ለካ እሱ ሳይዘቅጥ ውስጡ ሲንሳፈፍ ያድራል። ያጸዳሁ እየመሰለኝ በገዛ እጄ አዲስ ቀለበት አሸዋ ስቀባ ከርሜያለሁ።

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አልኳቸው። "ሰውየውን በከንቱ አሳሰርኩት።"

"ሄደህ ተናገራ።"

"እኔንስ ቢያስሩኝ?"

"ያስሩህ ይሆናል" አሉና ኮፍያቸውን አጥልቀው ከእኔ በፊት ወጡ።

ከናፍጣው በጠርሙስ ቀድቼ ተከተልኳቸው። በርበሬ በረንዳን ስናልፍ እንባዬ ወረደ፤ በበርበሬው አመካኘሁ።

ሾፌሩ በታሰረበት ግቢ ጓዱ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ።

"ምን ትቀባጥራለህ? እሱ ራሱ አምኖ ፈርሟል።"

አነበብኩት። ፊልትሮውን ሳላጸዳ ነድቻለሁ ይላል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ደብድበውት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሾፌሩን ሲያመጡት ግን ፊቱም እጁም ደህና ነው፤ አረማመዱም እንደ ድሮው ነው። እንደዚያን ጊዜ ደንግጬ አላውቅም።

"ማንም ሳይነካህ ለምን ፈረምክ?" አልኩት።

"አንተ አቧራ ነው አልክ" አለኝ በለሆሳስ። "አንተ ደግሞ ሞተር ላይ አትሳሳትም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ሳስበው፣ አጸዳሁ እያልኩ ያላጸዳሁበት ቀን አይጠፋም ብዬ ነው።"

ጠርሙሱን አቀበልኩት። ጣቱን ነክሮ አሸው፤ ደግሞ አሸው። እኔ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደግሜ ተናገርኩ፣ ጓዱ ጻፈ፣ ሽማግሌው በአላህ ስም ማሉ። በመጨረሻ እሱ ይውጣ፣ እኔ ልግባ ተባለ። እኔ የቆየሁት አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ሽማግሌው ዋስ ሆነው አስወጡኝ። የእኔ እስር ምንም አይደለም።

ሾፌሩ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

"በየማታው አጸዳ ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

ስለ ገዛ እጁ እኔን ጠየቀኝ።

"ታጸዳ ነበር" አልኩት።