አውድማ የሆነው ጣሪያ

እኔ ሽታዬ ተናግሬ የማልጠግብ ሴት ነኝ፤ ስለ ልጄ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። የኔአለም የቤት ንድፍ የምታወጣ መሐንዲስ ናት፤ ሥራዋ ደብረ ማርቆስ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ችኮ ናት። ከማን እንዳመጣችው አትጠይቁኝ።

መንደራችን ከቁይ ከተማ ወዲያ፣ ገደል አፍ ላይ ነው። መሬቱ መሰንጠቅ ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የለንም። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ የአርሴማ ቤት ከነከብት በረቱ ተንሸራቶ ገደል ገባ፤ እሷን እግዜር ነው ያወጣት። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ መልቀቅ ነበረብን። የተሰጠን ቦታ ደግሞ ከታች፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ድንጋይና ግራር፣ ሌላው ፀሐይ ብቻ። ልጄ እዚያ ቤቶቹን እንደ እርከን ደርድራ ነደፈቻቸው፤ የታችኛው ቤት አርማታ ጣሪያ ለላይኛው ደጅ ይሆናል። ጀርባቸው ተራራው ውስጥ ስለገባ ውጭው ሲነድ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።

ሰዉ ግን እምቢ አለ። «በሰው እግር ሥር ተኝተን ልንኖር? መጀመሪያ እናቷን ታስገባ!» አሉ። እኔም ንዴቴ መጣና ዕቃዬን ተሸክሜ ወረድኩ። ያለቁት ሁለት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ የታችኛው ለኔ፣ ከላዬ ያለው ቀድሞም እርሻው እዚያ በረሃ ለሆነው ለጎረቤታችን ለባዘዘው ሆነ።

ከጥምቀት በኋላ የመንደሩ ሰው ቤቶቹን አይቶ ሊወስን ወረደ፤ የመንደራችን ቄስ፣ ቄስ ቢተው፣ አብረው መጡ። ባዘዘው እዚያው በረሃው ውስጥ የዘራውን ማሽላ አጭዶ ነበር። ደጁን፣ ማለት የኔን ጣሪያ፣ ሲያየው ሰፊ፣ ደልዳላ፣ ነፋስ የሚያገኝ። ምን ያድርግ፣ የገበሬ ዓይን ነው። ማሽላውን ዘረገፈና በሬዎቹን አስገብቶ ያበራይ ጀመር።

እኔ ከሥር ነኝ። ጣሪያው ይንጓጓል፣ አቧራ ራሴ ላይ ይወርዳል። የኔአለም እየሮጠች ገባች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ ውጪ።»

«ከወጣሁማ አለቀ። ሰዉ ደጅ ቆሞ እያየ እኔ ከሸሸሁ ማን ይገባበታል? ክረምቱ እዚያው ገደል አፍ ላይ ሊያገኛቸው ነው። ይወድቃል?»

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «አላውቅም» አለች። «ለሰው ነው ያሰላሁት። በሬ አላሰብኩም።»

የገበሬ ልጅ ሆና በሬ ትርሳ? ልቆጣት አፌን ስከፍት ወጥታ ሄደች። ያን ጊዜ ከጣሪያው ይበልጥ እሷን ፈራሁ፤ ሰው ፊት «ይችላል» ብላ ትዋሽ ይሆን ብዬ። ከላይ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ጋሼ ባዘዘው፣ በሬዎቹን ያውርዷቸው። ይህ ጣሪያ ለበሬ አልተሠራም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኮቴው ቆመ። አንዱ «አላልኳችሁም?» ሲል ተሰማኝ። አለቀልን አልኩ።

ቄስ ቢተው ግን፣ «ሰውስ ልጄ? ሰው ይችላል?» አሏት።

«ሰው ግጥም ብሎ ቢሞላበትም ይችላል፣ አባ። እሱን አስልቻለሁ።»

«ብንሞክረው አንቺ የት ትሆኛለሽ?»

«ከእናቴ ጋር።»

ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከላይ መጀመሪያ የቄሱ መቋሚያ ተሰማ፣ ቀጥሎ እግር፣ ሌላ እግር፣ ከዚያ ሁሉም ተቀላቀለብኝ። እጇን ያዝኩት።

«ይወድቃል?» አልኳት እንደገና።

«አይወድቅም።»

አመንኳት፤ ጣሪያውም ሰዉን ሁሉ ችሎ ቆመ። ሰዉም ሳያምናት አልቀረም፤ በማግስቱ ሳይረፍድ ወንዶቹ እዚሁ ለሚሠሩት ቤታቸው ድንጋይ ሊፈልጡ ዶማና መዶሻ ይዘው ወረዱ።