የተበተነው ኪታብ

የዚያን ቀን ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ በነበረችው ጠባብ አፓርትመንታችን ውስጥ የነበርነው ጎረቤታችን ሸህ እንድሪስ፣ ልጃቸው ከድጃ፣ እናቴና እኔ ነን። ትናንት ልጄ የትምህርት ቤት ወረቀት ስታባዛ የትኩሱ ወረቀት ሽታ ያንን ቀን አስታወሰኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሸህ እንድሪስ የአንድ የጥንት ዓሊም፣ የእስልምና ሊቅ፣ ሕይወት የተጻፈበት የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ነበራቸው። ከወሎ ይዘው የወጡት እሱን ብቻ ነው። ቅጠሎቹ አልተሰፉም፤ ቁጥርም የላቸውም። ኮፒ እንዳስደርግላቸው ልከውኝ ስመለስ ደረጃው ላይ ወደቅሁና ዋናውም ቅጂውም ተበተነ። ዓረብኛ ማንበብ አልችልም። እንዳገኘሁት ሰብስቤ እያለቀስኩ ሰጠኋቸው።

ጥቂት አነበቡና ሳቃቸው መጣ። «ዓሊሙ ሳይወለዱ ሞቱ!»

«ገደልሻቸው በያ!» አለች ከድጃ።

እናቴ ልትመታኝ ተነሣች። ሸህ ግን «ተይ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በየቅጠሉ ግርጌ ጸሐፊው የሚቀጥለውን ቅጠል የመጀመሪያ ቃል ጽፎ ነበር።

«ማንበብ አያስፈልግሽም፤ የቃሉን መልክ እያየሽ አዛምጂ። ጸሐፊው እንዳንቺ ያለውንም አስቦለታል» አሉኝ።

እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ስናዛምድ ዋልን። ዓሊሙ ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ጻፉ፣ በመጨረሻም ሞቱ።

ትምህርቴ ብዙ አልገፋም። የሚያስፈራኝ ፎርም ሲመጣ ግን እስከ ዛሬ ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ አየዋለሁ። ሸህን አላህ ይዘንላቸው፤ ሳላመሰግናቸው ሄዱ። ከድጃም አግብታ ከሎስ አንጀለስ ከወጣች ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም። ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።