ለሚከፍተው ሰው የታሰረ ሻንጣ

ሥራ የጀመርኩት አዳማ፣ አሮጌው መናኸሪያ አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ናዝሬት ነበር የሚላት፤ እኔም እስከ ዛሬ ሁለቱም ስሞች አፌ ላይ ይመጣሉ። ባለሱቁ ጋሽ ተክሌ ሻንጣና ቦርሳ ይጠግናሉ። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴን አቁሜ እህል ተራ ጆንያ እሰፋ ነበር።

«ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«መስፋት።»

«መስፋትማ ማንን ያቅተዋል?» ቁልፉ የጠፋ የቆርቆሮ ሻንጣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጡ። «እስቲ ይቺን ሳትሰብር ክፈታት።»

እስከ ምሳ ድረስ ከቁልፉ ጋር ታገልኩ፤ እምቢ አለኝ። መጨረሻ ላይ ሻንጣውን ገልብጬ የማጠፊያውን ሪቬት፣ ያቺን ድፍን ምስማር፣ በጉጠት ነቀልኩና በጀርባው በኩል ከፈትኩት። ጋሽ ተክሌ አገላብጠው አዩት። «ይሁን፤ ነገ በጠዋት ና» አሉኝ። ለምን ከመዝጋት መክፈትን እንዳስቀደሙ አልጠየቅኳቸውም። ሥራ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

የሻንጣ ጥገና ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ወስፌ፣ ጉጠት፣ ትንሽ መዶሻ፣ በሰም የታሸ ሲባጎ ይበቃል። ዚፕ ሲከዳ ዚፑን መቀየር የሚቸኩል ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የላላው መሳቢያው ነው፣ በጉጠት ትንሽ ጠበቅ ቢደረግ ይመለሳል። የጎማ ብሎን ከመጠን በላይ አይጠብቅም፤ ከጠበቀ ጎማው አይዞርም። ይሄን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ለእኔ ለቀቁልኝ።

ከዚያ ሰው በአውሮፕላን መሄድ አበዛ። ከደራም፣ ከወለንጪቲም፣ ከሞጆም ሻንጣ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ያኔ ሻንጣ በማዳበሪያ ተሸፍኖ ዙሪያውን ይሰፋ ነበር፤ እንዳይቀደድም፣ እንዳይሰረቅም። የእኔ ስፌት ድርብ ነው። በጥርስ አይበጠስም። «ጋሽ ደበበ የሰፉት» ተብሎ ይወራ ነበር፤ እኔም ወሬውን እወደው ነበር።

አንድ ጊዜ ዘሃራ የምትባል የደራ ልጅ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ሻንጣዋን አመጣች። በደንብ አድርጌ ሰፋሁላት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ሻንጣው እግሯ ሥር ነው፣ ጥፍሮቿ ተሰባብረዋል።

«ጋሼ፣ ጥሩ አድርገው ነው የሰፉት» አለችኝ። «ማንም አልከፈተውም።»

ቦሌ ላይ ፈታሾቹ ክፈቺ ብለዋታል። ቢላዋ አልያዘች፣ እዚያ ቢላዋ ይዞ አይገባ። በጥፍሯና በጥርሷ ስትታገል ሰዓቱ አልፎ የተሳፋሪ መዝገቢያው ተዘጋ። ከሳምንት በኋላ በሌላ በረራ ሄደች፤ የሚጠብቋት አሠሪዎች ግን ሌላ ሰው ቀጥረው ጠበቋት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን የማዳበሪያ ስፌት ተውኩ። በምትኩ ሰፊ የሸራ ማሰሪያ ሠራሁ፤ አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚፈታ፣ ሲታሰር ግን የማይላላ። ሌላም ነገር ጀመርኩ። ከእኔ ዘንድ ሻንጣ ያሳሰረ ሰው ሁሉ ሲመለስ ሱቄ ጎራ ብሎ ምን እንዳጋጠመው እንዲነግረኝ ቃል አስገባዋለሁ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት በዚህ መንገድ ነው።

ለምሳሌ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ትኬታቸው 10:00 ይላል። አሥር ሰዓት ብለው አንብበው በዘጠኝ ሰዓት፣ ከረባታቸውን አድርገው ደረሱ። አውሮፕላኑ ጠዋት በአራት ሰዓት ሄዷል። «ደበበ፣ እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት አስተምሬያለሁ» እያሉ ራሳቸው ላይ ይስቁ ነበር። ከእሳቸው ወዲህ የበረራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በካርቶን ላይ ጽፌ ከእጅ ቦርሳ ጋር አስራለሁ። ፓስፖርት ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ የሚመጣውስ! ስንቱን ሻንጣ ከታሰረ በኋላ ለዚህ ስል ፈትቻለሁ።

አሁን ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልምጣ። ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የወለንጪቲ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙ አይርቅም። አንዲት ልጃቸው ከባሏ ጋር ዐረብ አገር ትኖራለች። ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሞቹ በቀዶ ጥገና ነው የምትወልደው ብለው ቀን ቆርጠውላታል። ባሏ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እናቷ ካልደረሱላት ከአልጋ የሚያነሳት ሰው የለም። የተቆረጠው በረራ ከቀዶ ጥገናው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ቪዛውም ሊያበቃ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ያ በረራ ካመለጠ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው።

«ፊደል አልቆጠርኩም፣ አውሮፕላንም ያየሁት ሰማይ ላይ ነው» አሉኝ። «ያድርሱኝ።»

«እኔ እንኳ ሻንጣ ነው የማስረው።»

«እሱንም ይሰሩት፣ እኔንም ያዘጋጁኝ።»

የያዙት የአራስ ቤት ነገር ነው፦ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ የተነጠረ ቅቤ። ቅቤውን በእጅ ቦርሳ ነበር የከተቱት። እንዳይርቃቸው ነው። እጅ ላይ ከተገኘ እንደሚወሰድባቸው ነግሬ ወደ ትልቁ ሻንጣ አዛወርኩት፤ የዕቃውን ክዳን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ መካከል ላይ። እያንዳንዱን ጥቅል በየቀለሙ ክር አሰርኩ። ቀይ በርበሬ፣ ነጭ የገንፎ ዱቄት፣ ቢጫ ቅቤ፣ ሰማያዊ በሶ፣ አረንጓዴ አብሽ። ማንበብ ባይችሉም ቀለም ያያሉ። ከላይ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ሱቋ ወይዘሮ የእያንዳንዱን ስም በወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈችልን።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። ጠረጴዛዬ መፈተሻ ሆነ፤ የልብስ ሳፋ እንደ ትሪ። እኔ ፈታሽ ነኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው ነጩን ጥቅል ይዤ።

«ምን አገባህ!»

«እመቤቴ፣ እዚያም እንዲህ ሊሉ ነው?»

«እርስዎ እኮ ሲጠይቁ ፊትዎ ያስቃል። ኮስተር ይበሉ።»

ኮስተር አልኩ። መቀነታቸውን አስፈታኋቸው። ከመቀነቱ ምን ምን ወጣ መሰላችሁ፦ የቤት ቁልፍ፣ የሣጥን ቁልፍ፣ ክር ያለው መርፌ፣ ዝርዝር ሳንቲም፣ የኮት ቁልፍ። «ይሄ ሁሉ በመፈተሻው ሲያልፍ ይጮኻል» አልኳቸው። «ይጩኽ፤ የራሴ ነው» አሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግመን መቀነቱን ባዶ ማድረግ ለመዱ። አራተኛው ላይ ራሳቸው ፈትተው ሳፋው ላይ ጣሉትና «አሁንስ?» ብለው ቆሙ።

በመካከል «እርስዎ ስንት ጊዜ ሄደዋል?» አሉኝ።

«አንድም ቀን። ቦሌንም በመኪና መስኮት ነው የማውቃት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ። «እንግዲያስ አብረን ነው የምንሄደው» አሉ።

ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት የአደራ ዕቃ መጣ። እዚህ አገር ሰው ሲሄድ ጎረቤት ሁሉ «ለልጄ» እያለ ያሸክማል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። እኔ አንድ ሕግ አለኝ፦ አደራ የሚታሰረው ሰጪው ባለበት ተከፍቶ ታይቶ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰጪዎቹን ሁሉ ሱቄ ድረስ ይዘዋቸው መጡ። ከፊት የቆሙት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ የእድራቸው ዳኛ። ልጃቸው ዐረብ አገር፣ እዚያው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅ ያለችበት ከተማ ነው የሚሠራው። የያዙት ክዳኑ በሰም የታሸገ የማር ቆርቆሮ ነው።

«አካም፣ ኦቦ ቶሎሳ» አልኩ። «እንክፈተው።»

«ይከፈት?» ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዞሩ። «ጥሩወርቅ፣ አደራዬን ልታስበረብሪው ነው? እኔ ሌባ ነኝ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መሬት መሬት አዩ። እድር ነው፤ ነገ ቀባሪያቸው ናቸው።

«ኦቦ ቶሎሳ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ዕቃው እዚያ ሲደርስ የሚጠየቀው ሻንጣው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። እሳቸው ‹የቶሎሳ ነው› ቢሉ ማን ያውቅዎታል?»

«እኔን ወለንጪቲ በሙሉ ያውቀኛል!»

«እዚያ ወለንጪቲ የለችም።»

ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። እኔ በዚያ መሐል ቆርቆሮውን አንስቼ ጆሮዬ አጠገብ ነቅነቅ አደረግኩት። የስንት ሰው ማር አስሬያለሁ፤ ማር ሲነቀነቅ አይንቦጫረቅም። ይሄ ተንቦጫረቀ።

ክዳኑን በወስፌ ዞርኩት። ከላይ ማር ነው። ማንኪያ ስሰድ ከሥሩ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነካ። አወጣሁት፣ ከፈትኩት፣ አሸተትኩት።

«የሆድ መድኃኒት ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ልጁን ሆዱን ያመዋል።»

«ይሄን መድኃኒት እኔም አውቀዋለሁ» አልኩ። ንጹሕ ዳግም አረቄ ነው። እሳቸው በሚሄዱበት አገር ደግሞ መጠጥ ይዞ የተገኘ ይታሰራል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ ሆስፒታል፣ እኔ እስር ቤት» አሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዋቃዮ! ይሄን ያህል መሆኑን አላወቅኩም። ናፍቆት ነው ብዬ ነው።» አመንኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አደራ የሚሰጥ ሰው የሚያስበው የሚቀበለውን ልጁን እንጂ የሚሸከመውን አይደለም። ጠርሙሱን ኮታቸው ውስጥ ከተው ወደ በሩ ዞሩ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እዚያው ወረፋው ራስ ላይ ቆሙና ሰዉን እንደ እድር ስብሰባ ያዙት፤ «ክፈቱ! የያዛችሁትን ሁሉ ክፈቱ! አንቺ ደግሞ፣ ያ ፌስታል ምንድን ነው?» እያሉ። ያን ቀን ሥራዬን ግማሹን እሳቸው ሠሩልኝ።

የበረራው ቀን በእህታቸው ልጅ መኪና ሄድን። መነሻው ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኛ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። መግቢያው ላይ ጠባቂው ትኬት የሌለው አይገባም አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ክንዴን ያዙ። «ያስተማሩኝን ሳልጨርስ ሊተዉኝ ነው?»

«ጨርሰናል እኮ» አልኳቸው። «ነጩ?»

«የገንፎ ዱቄት።»

«ቢጫው?»

«ቅቤ። ይሂዱ አሁን፤ ያስለቅሱኛል።» ጋሪውን እየገፉ ገቡ።

እኔ መስታወቱ ጋ ተጠጋሁ። መቀነታቸውን ሳይጠየቁ ፈትተው ትሪው ላይ አስቀመጡ። እሳቸው አለፉ። ሻንጣው ግን ወደ ጎን ተሳበ። ልቤ ወደ ዘሃራ ጥፍሮች ሄደ።

አንዲት ወጣት ፈታሽ መጣች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማሰሪያውን አንድ ጊዜ ሳቡት፤ ተፈታ። ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው ነጩን አነሱ፣ ከዚያ ቀዩን፣ ቢጫውን። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እኔም በውጭ አብሬ እላለሁ፦ የገንፎ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ቅቤ። አጠገቤ የቆመ ሰው ጸሎት መስሎት ራቅ አለልኝ።

ፈታሿ የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው። እሳቸው መለሱላት። ልጅቷ ፊቷ ፈታ አለ። ጥቅሎቹን በየቦታቸው መለሰች፤ ማሰሪያውንም አይታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስታ፣ ራሷ አሰረችው። ጠቅላላው የአንድ ብርጭቆ ሻይ ጊዜ አይፈጅም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ መዝገቢያው ሄዱ። ወደ ኋላ አላዩም፤ ማየትም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደወሉልኝ። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትየዋም ደህና ናት። «ያቺ ፈታሽ ምን ጠየቀችዎት?» አልኩ። «ለማን ነው አለችኝ። ለአራስ አልኳት። ማርያም ትማራት አለችኝ።» እዚያም ሲደርሱ ሻንጣው ዳግመኛ ተከፍቷል። ቋንቋ አይግባቡም፤ እሳቸው ግን ቀለም ቀለሙን እያነሱ ወረቀቱን አሳይተዋል። አልፈዋል።

ኦቦ ቶሎሳ ባለፈው ወር ለልጃቸው በሌላ ሰው ማር ላኩ። ሱቄ ድረስ ይዘው መጥተው፣ ሳልጠይቃቸው ክዳኑን ከፍተው፣ ቆርቆሮውን ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቁልኝ።

ይሄን ሥራ ለያዛችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ጠንካራ ቋጠሮ ማንም ይማራል። ሻንጣ የሚታሰረው ግን ለሚከፍተው ሰው ነው። ጋሽ ተክሌ ይሄንኑ ትምህርት በመጀመሪያው ቀን ከቆርቆሮው ሻንጣ ጋር ጉልበቴ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር፤ ለእኔ ነው ዘግይቶ የገባኝ።