በሎሬንዞ ቀን የተዘጋው ባሕር

አጎቴ ዱሊዮ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ስል ጠመንጃ የያዘ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዣንጥላ የሚተክል፣ የሸራ ወንበር የሚዘረጋ፣ ጠዋት ጠዋት አሸዋውን እንደ ልጅ ፀጉር የሚያበጥር፣ ሰው ሲሰምጥ ደግሞ ልብሱን ሳያወልቅ ዘሎ የሚገባ ሰው ማለቴ ነው። በቶሬ ሳልቪና የባሕሩ ዳር እንደ እርሻ ማሳ በየባለቤቱ ተሸንሽኖ ቁጥር ወጥቶለታል። የእርሱ አርባ ሁለት ቁጥር ነበር፤ ከአባቱ የወረሰው። አባቱ ሲያወርሰው፣ «ልጄ፣ አሸዋውን እኔ ሰጠሁህ፤ ፀሐዩን እግዜር ይሰጥሃል፤ ባሕሩን ግን ሰጪም የለው፣ ነጣቂም የለው» ብሎት ነበር አሉ። ሽማግሌው ብልህ ሰው ነበር፤ በዚህ በአንዱ ነገር ግን ተሳስቷል።

አርባ ሁለት ቁጥር የሚገኘው ከቦዩ አፍ አጠገብ ነው። እናቴ የዱሊዮ ታላቅ እህት ናት፤ በልጅነቷ ሴቶች በዚያ ቦይ ልብስ ያጥቡበት እንደነበረ ታጫውተን ነበር። በኋላ ከተማው አደገ። ሜዳው ሁሉ አስፋልት ለበሰ፣ ሆቴሎቹ ትከሻ ለትከሻ ተደገፉ። ከዚያ ወዲህ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር በየመንገዱ የተጠራቀመው የመኪና ዘይት፣ የውሻ ሰገራና የሲጋራ ቁራጭ ሁሉ ታጥቦ ይወርድና ከየቤቱ መጸዳጃ ከሚመጣው ውሃ ጋር በአንድ ቧንቧ ይገናኛል። ቧንቧው አይችለውም። ውሃው ተመልሶ ቤት እንዳያጥለቀልቅ በቦዩ አፍ ላይ ያለው የብረት መዝጊያ ይከፈታል፤ ያ ሁሉ ጉድ ባሕር ይገባል። ወዲያው ከማዘጋጃ ቤት ስልክ ይደወላል። ዱሊዮም «ዋና ክልክል ነው» የሚለውን ምልክት ከመጋዘን አውጥቶ ውሃው ጫፍ ላይ ይተክላል። በአራት ቋንቋ የተጻፈ ነው።

የአርባ ሦስት ቁጥሩ ኔሪዮ አፉ የማያርፍ ሰው ነበርና፣ ምልክቱን ባየ ቁጥር ይጮህበታል።

«አንተ ዱሊዮ! የባሕር ዳር ጠባቂ መስለኸኝ፤ ለካ ቄስ ኖረሃል! ዝናብ በመጣ ቁጥር ባሕሩን ትገዝተዋለህ!»

«መገዘትስ ቦዩን ነበር፤ አልሰማ አለኝ እንጂ!»

«አንተን ማን ይሰማሃል? ሚስትህ እንኳ አትሰማህም።»

እውነት ነው፤ አልቪና አትሰማውም ነበር። አልቪና የተራራ ልጅ ናት። የተራራውን ሰው ከባሕር ጋር የሚያገናኘው የሎሬንዞ ቀን ነው። በነሐሴ፣ በቅዱስ ሎሬንዞ በዓል፣ ባሕር የገባ ሰው አንዱ መነከር እንደ ሰባት ይቆጠርለታል ይባላል በእኛ አገር። ጉልበቱ የያዘው፣ ወገቡ የሚወጋው፣ ልጅ የዘገየባት፣ ሁሉም በዚያ ቀን ይወርዳል። በጥንት ጊዜ በበሬ ጋሪ ነበር የሚመጡት፤ ኋላ በአውቶቡስ ሆነ። ሴቶቹ የውስጥ ቀሚሳቸውን እንደ ለበሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየጮኹና እየሳቁ ይገባሉ። ሲወጡ ሐብሐብ ይበላል።

ዱሊዮ አልቪናን ያገኛት በዚያ ቀን ነው። ማዕበል ከአክስቶቿ እጅ ነጠቃት፤ እርሱም ዘሎ ገብቶ አወጣት። ይህችን ወሬ በየዓመቱ ሳያወሯት አይውሉም።

«እኔ እኮ ዋና እችል ነበር» ትላለች አልቪና።

«ታዲያ ምን አስጮኸሽ?»

«አንተ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ስትዘልብኝ ደንግጬ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አንድም የሎሬንዞ ቀን አላመለጣቸውም። ጠዋት፣ እንግዳ ሳይበዛ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ደረታቸው ይገባሉ፤ ጎንበስ ብለው ይነከራሉ፤ ይወጣሉ። ልጅ አልወለዱም። እያረጁ ሲሄዱ የአልቪና መገጣጠሚያዎች ያብጡ ጀመር። ሐኪሙ የሰጣትን ኪኒን አንድም ቀን ሳታጓድል ትውጣለች፤ ልቧ ግን የሚያምነው የሎሬንዞን ቀን ነበር። «ኪኒኑ ለዛሬ ነው፤ ባሕሩ ለዓመቱ ነው» ትል ነበር።

ዱሊዮም የሚለምነው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ቦዩ እንዲጣራ። ለዚህ ሲል ያልረገጠው ቢሮ የለም። ከንቲባ በተቀየረ ቁጥር ከአዲሱ ደጅ ይገኛል፤ እነርሱም ቡና ይጋብዙትና ያሰናብቱታል። አንዱ ምክትል ከንቲባ ሳቅ እያለ፣ «ሲኞር ዱሊዮ፣ ከመሬት በታች ላለ ቧንቧ ሪባን አይቆረጥለትም እኮ» አለው። በዚያ ዓመት የሕዝቡ ገንዘብ ለባሕር ዳሩ መናፈሻ ዋለ፤ ዘንባባ ተተከለበት። ሪባኑም ተቆረጠ።

በኋላ ያልታሰበው ሆነ። ከክልሉ መንግሥት ገንዘብ መጣ። አንዲት ታሲናሪ የምትባል ኢንጂነር የባሕር ዳሩን ባለቤቶች ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ሲኒማ አዳራሽ ሰብስባ በቀላል ቋንቋ አስረዳችን። «ከሁሉ የሚከፋው መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ መንገዱን የሚያጥበው እርሱ ነው። ከመሬት በታች ትልቅ ገንዳ ሠርተን እርሱን እንይዘዋለን፤ አጣርተን እንለቀዋለን። ገንዳው የሚቀበረው ከአርባ ሁለት ቁጥር ፊት ለፊት ነው።» ሁላችንም ዞረን ዱሊዮን አየነው። የሙሽራ አባት ይመስል ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ አለ» አለች ኢንጂነሯ። «ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ቀነ ገደብ አለው። ቁፋሮው ሰኔ ሳያልቅ መጀመር አለበት።»

አዳራሹ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ሆነ።

«በሰኔ? እንግዳው በሚገባበት ወር?» አለች የአርባ ቁጥሯ ዴርና። «ለጀርመኖቹ ምን ልበላቸው? ኑ፣ ጉድጓድ ተከራዩ?»

«በክረምት፣ በብርዱ ጊዜ ቆፍሩ! በክረምት ባዶውን አይደለም የሚውለው?»

«እስከ ክረምት አይቆይም» አለች ኢንጂነሯ። «ከሰኔ ካለፈ ገንዘቡ ተመልሶ ወደ ክልሉ ካዝና ይገባል።»

«ወይ ካዝና! የመንግሥት ቀን መቼ ነው ተከብሮ የሚያውቀው?» አለ ኔሪዮ። «ሰኔ ሲሉህ መስከረም ማለታቸው ነው!»

ሰው ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ያን ቀን የሆነው ይኸው ነው። ኢንጂነሯ ግን አልሳቀችም። ወደ ዱሊዮ ዞረች። «ሲኞር ዱሊዮ፣ ይህን ነገር ከማንም በላይ የለመኑት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ዱሊዮ ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ያዞረው ጀመር። አልቪና ከጎኑ ተቀምጣ ነበር፤ ባለፈው የብርድ ወራት ከአልጋ የወረደችባቸው ቀኖች ጥቂት ነበሩ። ቁፋሮው በሰኔ ከተጀመረ አርባ ሁለት ቁጥር የሙቀቱን ወራት ሙሉ በቆርቆሮ ይታጠራል። ሌላ ቦታ ሄዶ መነከር ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ዘንድ ግን የሎሬንዞ ቀን የሚነከሩት መጀመሪያ በተነከሩበት ስፍራ ነው፤ ሌላ ቦታ ተራ ውሃ ነው።

«እኔ የምለው...» አለ ዱሊዮ፣ «የሎሬንዞ ቀን እስኪያልፍ ብቻ ብንቆይ። ከዚያ እኔ ራሴ አካፋ ይዤ እቆፍራለሁ።»

ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። እጅ አውጡ ተባለ፤ ሁሉም እጅ ወጣ። ኢንጂነሯ ካርታዋን ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

በዚያ ዓመት የሎሬንዞ ቀን ሰማዩ አንድ ጭረት ደመና አልነበረበትም። ባሕሩ ታጥቦ የተወለወለ መስኮት መሰለ። ዱሊዮና አልቪና እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ ሁለት ጊዜ ተነከሩ። እኔም ነበርኩ። አልቪና ስትወጣ ፀጉሯ ከፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ «ዘንድሮስ አሥራ አራት ጊዜ ነው የሚቆጠርልኝ» ብላ ስትስቅ ይታየኛል።

ዱሊዮ በማግስቱ አካፋውን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ቀልዱን ነበር። የተቀበለው ወጣት ሠራተኛ ግን መሳቅ አልቻለም። ገንዘቡ ሄዷል፤ ከእኛ በስተደቡብ ያለ ሌላ ከተማ ወስዶታል፤ እነርሱ በሰኔ ቆፍረዋል።

«ተመልሶ አይመጣም?»

«ለማመልከት እናመለክታለን፣ ሲኞር ዱሊዮ። ግን ተራው ረጅም ነው። አንዴ እንቢ ያለ ከተማ ደግሞ...»

«እኛ መች እንቢ አልን? ትንሽ ቆዩ ነው ያልነው!»

«ክልሉ ዘንድ ትንሽ ቆዩ የሚባል ነገር የለም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ጊዜ የባሕር ዳሩ ባለቤቶች ሁሉ ተነሡ። ዴርና ጮኸች፣ ኔሪዮ ጮኸ፣ ፊርማ ተሰበሰበ። ዱሊዮን በፊቱ የወቀሰው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እጁን አውጥቷልና። እርሱ ግን ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት የሎሬንዞ ዋዜማ ዘነበ፤ ምልክቱ ተተከለ። አልቪና «ግድ የለም፣ ለከርሞ» አለች። ለከርሞም ዘነበ። ሰማዩ የዕድሜ ልክ ጠባዩን የለወጠ ይመስል ነበር፤ ወር ሙሉ ደርቆ ይከርምና በአንድ ጠዋት ያወርደዋል። በሦስተኛው ዓመት አልቪና በሁለት ከዘራ ነበር የምትሄደው። ሐኪሙ ለዱሊዮ ብቻውን የነገረው ነገር ነበር፤ እርሷም ሳይነግሯት አውቃዋለች። ከርሞ የሚለውን ቃል ሁለቱም ተዉት።

የዚያን ዓመት የሎሬንዞ ቀን ጎሕ ሲቀድ ሰማዩ አንጎደጎደ፤ ዝናቡም ወረደ። ስልኩ ሲጮህ ዱሊዮ ልብሱን ለብሶ ጨርሶ ነበር። ምልክቱን ሲተክል ደረስኩ። ቦዩ ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ ነክሶ፣ እያጉረመረመ ይወርዳል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ፤ ከላይ ሲታይ እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነበር!

የተራራው አውቶቡስ መጣ። ፊት ፊት የምትሄደው አርጀንቲና የምትባል፣ ዘጠና ዓመት የሚጠጋት የአልቪና አክስት ነበረች። ምልክቱ ፊት ቆመች።

«ዱሊዮ፣ ይሄ ምንድነው የሚለው?»

«ዋና ክልክል ነው ይላል፣ አክስቴ።»

«በጀርመንኛ ነው? እኔ ጀርመን አይደለሁም።»

«በአራት ቋንቋ ነው።»

«በተራራ ሰው ቋንቋስ?»

«በዚያ አልተጻፈም።»

«እንግዲያው ዞር በልልኝ፣ ልግባ።»

ዱሊዮ እጆቹን ዘርግቶ ከፊቷ ቆመ። «አክስቴ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ። የከተማው ሽንት ቤት ሁሉ ነው እዚህ ውስጥ ያለው።»

«ዛሬ እኮ ሰባት ጊዜ ነው የሚቆጠረው!»

«በሽታውም ሰባት ጊዜ ይቆጠራል።»

አሮጊቷ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የፈታችውን ሻርፕ መልሳ አሰረች። ሌሎቹም ወደ ኋላ ተመልሰው አሸዋው ላይ እንደ ልቅሶ ቤት ሰው ተቀመጡ።

አልቪና በሸራ ወንበሯ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታለች። «ዱሊዮ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔስ?»

ዱሊዮ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሁለት ባልዲና አንድ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣ። ሳፋውን እግሯ ሥር አኖረ። «ጫማሽን አውልቂ። ንጹሑን ውሃ ከባሕሩ መሃል አመጣልሻለሁ» አላት። ባልዲዎቹን ጭኖ፣ የሰመጠ ሰው ለማዳን የሚወጣባትን የመቅዘፊያ ጀልባ እየገፋ ውሃው ውስጥ ከተታት። ኔሪዮ ካጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱን ትቶ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ገፋለት።

አልቪና ባዶ እግሯን ባዶው ሳፋ ውስጥ አስገብታ ትጠብቀው ጀመር። እኛም እናያለን። ቀዘፈ። ቆመና እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ወደ አፍንጫው ወሰደ፤ እንደገና ቀዘፈ። ማዕበል ለመስበር የተደረደሩትን ቋጥኞች አለፈ። እዚያም ቆመ፣ እጁን ነከረ፣ አሸተተ። ቀዘፈ። ጀልባዋ የዝንብ ያህል ሆነች። ብዙ ቆየ።

ሲመለስ በጣም ቀስ እያለ ነበር። ኔሪዮ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጀልባዋን ተቀበለውና ወደ ባልዲዎቹ አየ። ወዲያው ዓይኑን መለሰ።

ዱሊዮ ሁለቱን ባዶ ባልዲዎች ይዞ አልቪና ፊት ቆመ።

«ከቋጥኞቹ ማዶ ሄጄ ነበር» አላት። «የቆሻሻውን ጫፍ አላገኘሁትም።»

«አየሁህ» አለች።

«ያን ቀን ቆፍሩ ብዬ ቢሆን ኖሮ...»

«ያን ቀን ቆፍሩ ብለህ ቢሆን፣ ያንን የመጨረሻውን አንገባም ነበር።» ይህን ያለችው ልታጽናናው ይሁን ወይም ከልቧ፣ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ ከሳፋው አወጣችና፣ ያልረጠበ እግሯን በፎጣ አበሰች። በጣቶቿ መካከል ሳይቀር፣ በጥንቃቄ፣ በየዓመቱ እንደምታደርገው።

ዱሊዮ ተንበርክኮ ጫማዋን አሰረላት። የመጣ ሐብሐብ አይመለስምና ኔሪዮ ቆርሶ ለአሮጊቶቹ አደላቸው፤ በሉ። ዱሊዮ ግን አልቀመሰም። ተነሥቶ ወደ ውሃው ጫፍ ሄደና፣ ነፋስ ያዘመመውን ምልክት አቃናው።