አራት ያልሁት እኔ ነኝ

ማክሰኞ። ባሕር ዳር ከንጋት ጀምሮ ያካፋል። ቤት ያለነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት።

«እማዬ፣ ካፒቴን ይርጋ አረፉ አሉ።»

«የትኛው ይርጋ?» አልኋት። ሌላ ይርጋ አላውቅም። እንዲያው ሌላ ቢሆን ብዬ ነው።

እዚህ ገጽ ላይ የሰው ጽሑፍ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

በደርግ ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያው ጽዳት ሠራተኛ ነበርሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድሁት ከቆሻሻ ቅርጫት በማወጣው ወረቀት ነው። አብራሪው ካፒቴን ይርጋ አንድ ቀን የጣሉትን የነዳጅ ስሌት ሳነብ ያዙኝ።

«ሙሉዬ፣ አንቺ እኮ ደመወዝ እየተከፈለሽ ነው የምትማሪው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ስሌቱን ራሳቸው አስረዱኝ። መሄጃ፣ መመለሻ፣ ለንፋስ የሚተው።

አውሮፕላናቸው ባለ አንድ ሞተር፣ ትንሽ ነበረች። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ መሰላል ወጥቼ መስመር የተቆረጠበትን የነዳጅ መለኪያ እንጨት ክንፏ ውስጥ ካለው ታንክ የምነክረው እኔ ሆንሁ። የነዳጅ ቆጣሪውን አያምኑትም። «መርፌው ይዋሻል፣ እንጨቱ አይዋሽም» ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ክትባት ይዘው ከጣና ማዶ ደርሰው ሊመለሱ ነው። የማረፊያው የነዳጅ በርሜሎች ባዶ ናቸው። ታንኩ አራተኛው መስመር ከደረሰ ይበቃል፤ ሦስተኛው ከሆነ በረራው ቀርቶ የነዳጅ መኪና ይጠበቃል። አብሯቸው የሚሄደው ካድሬ ቸኩሏል።

«ጓድ አብራሪ፣ አብዮቱ አንተን ይጠብቃል እንዴ?»

«ጓድ፣ ቤንዚን ካድሬ አይፈራም» አሉት።

ንዴቱን ወደ እኔ አዞረው። «አንቺ! መሰላል ላይ ልትኖሪ ነው?»

ደንግጬ ዞር አልሁ። ቤንዚን እንጨት ላይ ቶሎ ይደርቃል። መልሼ ሳየው እርጥቡ ጠፍቷል። ሦስት ነበር? አራት? ደግሜ መንከር ነበረብኝ፤ አፈርሁ።

«ስንት ነው ሙሉዬ?»

«አራት።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

ጻፉት።

ሲመለሱ የከሰዓቱ ንፋስ ፊት ለፊት ገጠማቸው። ከተማው እየታየ ሞተሩ ጸጥ አለ። እንደ ምንም ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ አሳረፏት። ሰው አልሞተም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ እንዲያበሩ አልተፈቀደላቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው፣ ፔዳ አካባቢ አገኘኋቸው። «አሁንም ከቅርጫት ታነቢያለሽ?» ብለው ቀለዱብኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጆቼ አወራሁ።

ካፒቴን፣ በሰላም ይሂዱ። ያወቁብኝ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ከአፌ ሊሰሙት ይገባ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

አውሮፕላኗን ደንገሉ ውስጥ ባሳረፏት ማግስት ጠዋት መርማሪዎቹ ሲጠይቁዎት ኮሪደሩን እየጠረግሁ ነበር። «ነዳጁን ማን ለካው?» አሉዎት። «እኔ» አሏቸው። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁ። በሩ ድረስ ሄድሁ። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ከዚያ እጄን መለስሁና መጋዘን ገባሁ። እንጨቱን በጨርቅ ጠረግሁት፤ ሚስማሩ ላይ ሰቀልሁት። ተመልሼ ኮሪደሩን ጨረስሁ።