የጋሽ ቀስ በል ሞዛሬላ

ጋሽ ቀስ በል ዕድሜያቸውን የፈጁት መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ነው። ከተማው ውስጥ መሪ ከጨበጠው ሰው የግማሹ ጆሮ ላይ የቀረው የእሳቸው «ቀስ በል» ነው፤ ቅጽል ስሙም በዚያው ጸና። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ አበባ ይተክላል፤ እሳቸው ሞዛሬላ ያዙ። አይብ ነው እንግዲህ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው።

አሠራራቸው ደግሞ አያድርስ ነው። ወተቱን ለብ ያደርጉና የባክቴሪያ እርሾ ይጨምሩበታል፤ ከዚያማ መጠበቅ ነው። ባክቴሪያዎቹ ቀስ እያሉ ወተቱን እስኪያኮመጥጡት ድስቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በሩን ጠንከር አድርጎ የዘጋ ሁሉ ይገሠጻል። ሚስታቸው ግን የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበሩ፤ መጠበቅ አይሆንላቸውም። ትንሽ የሎሚ አሲድ በጥብጠው ወተቱ ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ ወተቱን የሚያረጋውን ማርጊያ ይጨምራሉ፤ ባልየው መነጽራቸውን ፈልገው ሳያገኙ አይቡ ተለጥጦ፣ ድቡልቡል ሆኖ ሳህን ላይ ቁጭ ይላል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ ባል። «አሲድ ያኮመጥጣል እንጂ አያጣፍጥም። የቀመሰ ሁሉ ይለየዋል።»

«እስቲ ይለየው» ይላሉ ሚስት። «እኔ ያፈሰስኩት የለም።»

ነገሩ የከረረው የልጃቸው አማት ከነባለቤታቸው ለምሳ ይመጣሉ የተባለ ጊዜ ነው። ጋሽ ቀስ በል ማንም ሳይጠይቃቸው ለአማትየው ደውለው «አይቡ በእኔ ይሁን» አሉ። ድስት አጥተው የከረሙት ሚስት ቁርጡን ነገሯቸው፦ «ከሆነልህ ኩሽናው የጋራችን ነው። ካልሆነ ብርድ ልብስህንም እርሾህንም ይዘህ ትወጣለህ።»

ጋሽ ቀስ በልን ከጡረታ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ያ ድስት ብቻ ነበር፤ ይህንን ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

በዕለቱ በማለዳ ጀመሩ። ወተቱ ረጋ፣ ተቆረጠ፣ አጓቱ ተጠለለ። የቀረው ኮምጣጣነቱ ልክ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ቁራሽ ወስደው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ሳቡት፤ መለጠጥ ሲገባው ተበጠሰ። ቆይተው ሳቡት፤ አሁንም ተበጠሰ። ባክቴሪያዎቹ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለ። በዚህ መሐል ከታች የመኪና ክላክስ ጮኸ። የልጃቸው አማት ናቸው።

ጋሽ ቀስ በል ግራ ቀኛቸውን አዩና በዕድሜያቸው ያላደረጉትን አደረጉ። የሚስታቸውን የአሲድ ብልቃጥ አውርደው አይቡ የተነከረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዱቄቱን ነሰነሱት። ያሰቡትስ ትንሽ ነበር፤ ሰው ሲቸኩል ግን ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ባክቴሪያዎቹ አለመተኛታቸው የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ እነሱ ባኮመጠጡት ላይ አሲዱ ሲደረብ ልኩን አለፈ። አይቡ መለጠጡ ቀርቶ እጃቸው ላይ እንደ እርጥብ አሸዋ ፈረሰ።

ሚስት ገቡ። ድስቱን አዩ፣ ብልቃጡን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። የተረፈውን ወተት በራሳቸው መንገድ ጣዱ፤ እንግዶቹ የልጅ ልጅ ወሬ ሳይጨርሱ አይቡ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

አማትየው ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናቸው። አንድ ቁራጭ ጎርሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄ ነው አይብ ማለት። ትዕግሥቱ አፍ ላይ ይታወቃል። አሲድ የነካው ቢሆን ምላሴ ወዲያው ይነግረኝ ነበር። እጅዎ ይባረክ፣ ወንድሜ።»

ጋሽ ቀስ በል ምስጋናውን ዋጥ ቢያደርጉ ኩሽናው ተረፈ። ሚስታቸው አቀርቅረው ሹካቸውን ያገላብጣሉ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«የእሷ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አሲድ ነው ያለበት። የእኔማ ፈርሷል።»

እንግዳውን ትን አላቸው። ሚስት ውሃ ቀዱላቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሽ ቀስ በል ብርድ ልብሳቸውን ሊያወጡ ኩሽና ገቡ። አጣጥፈው፣ እርሾውን ከላዩ አድርገው ሊወጡ ሲሉ ሚስታቸውን አዩ። ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆመው የፈረሰውን አይብ ከድስቱ በማንኪያ እየዛቁ ይበላሉ።

«ኮምጥጧል፤ ፈርሷል» አሉ አፋቸው ሞልቶ። «ግን ከሥሩ የሆነ ጣዕም አለው። የእኔው ይሄ የለውም።»

ማንኪያውን ላሱና የአሲዱን ብልቃጥ የመድኃኒት ሣጥናቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ብርድ ልብሱንም ከባላቸው ክንድ ላይ ተቀበሉ።

«ቅዳሜ ድገመው» አሉ። «እንግዳ የለብንም። ቀስ በል።»