የጋሽ ፍሬን ኤሊ

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶብስ ነድተዋል። አስፋልት ዳር የቆመ ልጅ ገና ከሩቅ ካዩ እግራቸው ፍሬን ላይ ነበር፤ ወደፊት የሚንገዳገደው ተሳፋሪ ግማሹ እየሳቀ ግማሹ እየተራገመ «ጋሽ ፍሬን» አላቸው፣ በዚያው ጸና። እሳቸው ግን ቅጽል ስሙን እንደ ሽልማት ነው የያዙት። ሰው ሳይገጩ መሪ ማስረከብ ለሾፌር ቀላል ነገር አይደለም።

ጡረታ በወጡ ሰሞን ባለቤታቸው ታመሙና ሆስፒታል ገቡ። እዚያ አልጋ ላይ ሆነው ስለ ልጃቸውም ስለ ቤቱም ብዙ አላሉም። ያሉት ስለ ኤሊዋ ነው።

«እሜቴን አደራ» አሉ። «ፀሐይ አታሳጣት። ውሃዋን ደግሞ ወጥ ቤት እንዳትደፋ፣ ታች ግቢ አውርደህ ድፋ።»

«ተይ እባክሽ፣ ነገ ተነስተሽ ራስሽ ትንከባከቢያታለሽ» አሉ ጋሽ ፍሬን። ባለቤታቸው ግን አልተነሱም።

እሜቴ የመዳፍ ስፋት ያላት የውሃ ኤሊ ናት። ቤት የለቀቀ ጎረቤት ትቷት ሲሄድ ሴትየዋ አንስተው አሳደጓት፤ ስሙንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ስሙ ልኳ ነበር፦ ሲጠሯት አትመጣም፣ ስትበላ አትቸኩልም፣ ፊቱ ያላማራትን ሰው ስታይ አንገቷን ሰብስባ ቤቷ ትገባለች። ጋሽ ፍሬን በሚስታቸው ዘመን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ከእሷ ጋር አልነበራቸውም። ከቀብር መልስ ግን ቤት ውስጥ የሚተነፍሱት ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

መጀመሪያ ዳቦ ሰጧት፤ አልበላችም። ሩዝ በተኑላት፣ ውሃው ደፈረሰ እንጂ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ውላ አድራ ዓይኗ አብጦ ተከደነ። ያን ጊዜ በጫማ ካርቶን አድርገው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ውሻና ላም እንጂ ኤሊ ይዞ የመጣ ሰው አይቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ የሽማግሌውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው።

«ጨለማ ክፍል ነው የምትኖረው አይደል? ፀሐይ ያግኛት፣ ውሃዋ ሞቅ ይበል፣ ወጥታ የምትደርቅበት ድንጋይ ያስፈልጋታል። ዳቦውን ይተዉት። ትንንሽ ዓሣ፣ የመሬት ትል፣ ሰላጣ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት ይስጧት» ብሎ የዓይን ጠብታ ሰጣቸው።

ከዚያ ወዲያ የጋሽ ፍሬን ቀን ሥራ አገኘ። ጠዋት ሳፋዋን በረንዳ ላይ አውጥተው ፀሐዩ በዞረ ቁጥር አብረው ያዞሩታል። ዝናብ በጣለ ማግስት መናፈሻ ሄደው፣ አትክልተኛው ዞር ሲል በማንኪያ እየጫሩ ትል ይለቅማሉ። አንድ ቀን በወረንጦ ይዘው ያቀረቡላትን ትል እሜቴ አንገቷን ሳብ አድርጋ ላፍ አደረገችው። «በላች! በላች እኮ!» ብለው ወደ ሳሎን ተጣሩ። ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልነበረም።

አባቱ ብቻቸውን ማውራት መጀመራቸው ሲነገረው ነው እንግዲህ ልጃቸው ሚስቱንና አራስ ልጁን ይዞ የገባው። ልጃቸው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዘርጊ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመጣል። ምራታቸው ፀጉር ሠሪ ነች፣ የልቧን በአፏ የምትናገር። ገና እንደገቡ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ይቺ ነገር ከሕፃን ጋር ትስማማለች?» አለች።

«እሜቴ? ዝንብ አትነካም።»

«ትል ግን ትበላለች» አለችና ሳቀች። በዚያው ታለፈ።

ሕፃኗ ሴት ናት፤ ከአፍንጫዋ በቀር ቁርጥ ሟቿን አያቷን። ጋሽ ፍሬን ትከሻቸው ላይ አድርገው በረንዳ ለበረንዳ ሲያንሸራሽሯት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ያስቸገራቸው ጉልበታቸው ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃ የሞላ ሳፋ ይዞ ደረጃ መውረድ ሞታቸው ሆነ። አንድ ቀን ምራታቸው ልጇን አቅፋ ሸለብ ባደረጋት ጊዜ ሳፋውን ወጥ ቤት ወስደው ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደፉት፣ አለቅልቀው አበቁ። ማንም አላየ። ሚስታቸው ያሉት ትዝ ሳይላቸው ቀርቶ አይደለም። አንድ ቀን ምን ያመጣል አሉ። ቀጥሎ ልማድ ሆነ። የሕፃኗም ጡጦ የሚታጠበው እዚያው ነበር።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ሰውነቷ እንደ እሳት እየፈጀ ተነሳች። የጠባችውን ሁሉ መለሰች፤ እስከ እኩለ ቀን ሰገራዋ ውሃ፣ ቀጥሎ ደም የቀላቀለ ሆነ። ተሸክመዋት ሲሮጡ ጋሽ ፍሬን ጉልበታቸውን ረስተው ደረጃውን ከሁሉ ቀድመው ወረዱ።

ሆስፒታል ጉሉኮስ የሚሰካበት ደም ሥር ጠፋ፤ እጇ ላይ ሞክረው ሞክረው ራሷ ላይ ነው ያገኙት። ሐኪሟ እየጻፈች ጠየቀች፦ «ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?»

«የለም» አለ ልጃቸው። ዋሽቶ አይደለም፤ ኤሊ እንስሳ ትባላለች ብሎ አላሰበም።

«ኤሊ አለች» አሉ ጋሽ ፍሬን ከበሩ ሥር።

ሐኪሟ ቀና አለች። «ዕቃዋን የት ነው የምታጥቡት?»

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። «ወጥ ቤት። እኔ ነኝ የማጥበው።»

ምራታቸው ዞር ብላ አየቻቸው። እንደ ልማዷ ብትናገር፣ ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ሐኪሟ ኤሊ ጤነኛ ሆናም ሕፃን የሚጥል ተህዋስ እንደምትሸከም፣ እሷንም ውሃዋንም ነክቶ በሳሙና ሳይታጠቡ ሕፃን መያዝ እንደማይገባ ቀስ ብላ አስረዳች። እሳቸው የሰሙት ግማሹን ነው። ልጅ እንዳይገጩ ሲሳቀቁ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው የገዛ ልጃቸውን ልጅ የገጩ መሰላቸው።

ልጅቷ ተረፈች። ተህዋሱ መኖሩን ምርመራው አረጋገጠ፤ ከኤሊዋ ይምጣ ከሌላ ግን በእርግጠኝነት የነገራቸው የለም። ልጃቸው ይቺን ቃል ይዞ «ከእሷ ላይሆን ይችላል እኮ፣ አባዬ» ይላል። ጋሽ ፍሬን አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ልጅቷ ከሆስፒታል ሳትወጣ ነው እሜቴን ያወጧት። የድሮ መሥሪያ ቤታቸው አጠገብ ጎማ የሚጠግን ወዳጅ አላቸው፤ ጎሚስታው። ግቢው ጠዋትም ከሰዓትም ፀሐይ አያጣም፤ አጥሩ ጥግ የተጣለ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነበር።

«አምጣት» አለ ጎሚስታው። «ብትፈልግ ጎማ የምንፈትሽበት በርሜል አለ፤ ትንፋሽ የሚያስወጣ ጎማ ታሳየኛለች።»

ጋሽ ፍሬን አልሳቁም። ገንዳውን ፈግፍገው አጠቡ፣ ድንጋይ ደለደሉ፣ ለጥላም ከላይ ቆርቆሮ አደረጉ።

እቤት ግን ኑሮው ጠበበ። ምራታቸው ምግብ ታቀርባለች፣ ደህና ዋሉ ትላለች፣ ሁሉም በሥርዓት ነው። ሕፃኗን ግን አትሰጣቸውም። የነኩትን የበር እጀታ ስትወለውል አንድ ሁለቴ አይተው እንዳላየ ሆነዋል። እሳቸውም «ስጪኝ» ለማለት አፍ አልነበራቸውም። ጠዋት ጠዋት ሰላጣቸውን በፌስታል ይዘው አውቶብስ ይሳፈራሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ልጅቷ አያቷን ስታይ እጇን ትዘረጋለች፤ እሳቸው መኝታ ቤታቸው ይገባሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ፍሬን ካሮት እየፈቀፈቁ ሳሉ፣ ምራታቸው ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ የጎሚስታው ግቢ በር ላይ ቆመች። ደንግጠው ተነሱ።

«አትቅረቢ» አሉ።

«አልቀርብም።» ከሩቅ ሆና ኤሊዋ ካሮቱን ስትቆነጥር አየች። «ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችሁ ስመጣ እማማ ‹እሜቴ ታማብኛለች› ሲሉ አክስትዎ መስለውኝ ነበር። በማግስቱ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ፍሬን ሳይወዱ ሳቃቸው መጣ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባባ፣ ቂሙ አሁንም ከሆዴ አልወጣም። ይውጣልኝ እያልኩ ነው፣ አልወጣም።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አይበሉኝ። ቢያንስ ይቆጡኝ» አለች። «እንዲህ እየሸሹን መኖር አይቻልም። እሷን ብቻዬን ስሸከም ጎኔም አልቋል። ይታጠቡና ይያዟት።»

ጎሚስታው ግራሶ የሚያስለቅቅበትን ሳሙና አቀበላቸው። እስከ ክርን ታጠቡ፤ አለቀለቁ፣ ደግመው ታጠቡ። ከዚያ እርጥብ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «እዚህ አይሆንም። ቤት ገብቼ፣ ልብሴን ቀይሬ» አሉ። አልተከራከረቻቸውም።

ቤት ገብተው ሸሚዝ ቀየሩ፣ እንደገና ታጠቡ፣ ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ምራታቸው ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ከብዳለች፤ ጉንጯም ተመልሷል። ቀና ብላ አየቻቸውና ሌባ ጣታቸውን ጨብጣ ወደ አፏ ሳበችው።

«ውሰጃት! ኧረ ውሰጃት!» አሉ ጋሽ ፍሬን ጣታቸውን መንጭቀው።

ምራታቸው ልጇን አነሳች። ሽማግሌው እንደገና ሊታጠቡ ሲነሱ አየቻቸው።

«እሺ» አለች፣ «ነገ እንሞክራለን።»